የወለሉ ውበትና የሠራተኛው ጤና

በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋማ አገር የቤታችን ወለል ከጥንት ጀምሮ በጭቃ ተደልድሎ በእበት የሚለቀለቅ እንደ ነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ ግን በከተማ ቤት የሚሠራ ሰው፥ አቅሙ ከፈቀደለት፥ ሳሎኑንና ማድ ቤቱን ሴራሚክ ማልበስ ይሻል፤ ወለላቸውን በሴራሚክና በእምነበረድ ያስነጠፉ አብያተ ክርስቲያናትም አሉ። ይህ መልካም ነው፤ ለጽዳት ይመቻል፥ ቁንጫንም ያርቃል። ነገር ግን እንግዳ ገብቶ ‹‹እንዴት ያማረ ወለል ነው!›› ሲል፥ ያን ወለል ተንበርክኮ ያነጠፈው ሰው ጉልበቱና ሳንባው እንዴት እንደ ኾነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ነገር ለመናገር እንወዳለን።

አገራችን የእጅ ሙያ አገር ናት። ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡትን ባለ ሙያዎችና ያገር ተወላጆችን ሰብስበው ያሠሩ ነበር፤ ሴባስቶፖል የተባለውም ታላቅ መድፍ በዚያ ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. በብዙ ሰው ጉልበት ወደ መቅደላ ተጎተተ። ኾኖም ባንድ በኩል በባለ እጁ ሥራ እየተጠቀምን፥ በሌላ በኩል ባለ እጁን ‹‹ቡዳ›› እያልን የሰደብንበት ዘመን ረዥም ነው። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል፤ ነገር ግን ሥራውን ወድዶ የሠራተኛውን አካል መናቅ፥ ያው የጥንቱ በደል ልብሱን ለውጦ መምጣቱ ነው።

ከሁሉ አስቀድመን አቧራውን እንመልከት። በሴራሚክ፥ በፖርስሌንና በግራናይት ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ። እነዚህ በግራይንደር በደረቁ ሲቆረጡ ከሚነሣው ነጭ ደመና ውስጥ እጅግ የሚጎዳው ዓይን የማያየው ደቃቁ ብናኝ ነው፤ እርሱም ወደ ሳንባ ጥልቅ ገብቶ ይቀመጣል፥ ሳንባውንም ጠባሳ ያደርገዋል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ሰውየው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሠራ በኋላ ነው፤ ብናኙ እጅግ ከበዛ ግን ባጭር ጊዜም ይመጣል። ጠባሳ የኾነውን ሳንባ ወደ ቀድሞ ጤንነቱ የሚመልስ መድኃኒት አልተገኘም። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ለሳንባ ነቀርሳም ይበልጥ የተጋለጠ ይኾናል፤ ብናኙ ራሱም የካንሰር መንሥኤ መኾኑን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1997 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። አውስትራሊያም ለማድ ቤት ጠረጴዛ የሚውለውንና ሲሊካ የበዛበትን ሰው ሠራሽ ድንጋይ ከሐምሌ ወር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳይሠራና እንዳይሸጥ የከለከለችው፥ ቆራጮቹ ወጣቶች ሳንባቸውን እያጡ በመገኘታቸው ነው።

ሁለተኛው አደጋ የመሣሪያው ነው። ብዙ ሠራተኞች ሥራው እንዲፈጥንላቸው የግራይንደሩን መከለያ ያወልቁታል። ዲስኩ በፍጥነት ሲሽከረከር ቢሰነጠቅ ወይም ቢነክስና ወደ ኋላ ቢፈናጠር፥ ጣትንና ፊትን የሚጠብቅ ከዚያ መከለያ በቀር ሌላ የለም። የሴራሚክ ስባሪም እንደ ምላጭ የተሳለ ነውና ዓይንን ያጠፋል። አቧራውን ለማጥፋት ሲባል ደግሞ ረዳቱ ከጠርሙስ ውሃ እያንጠባጠበ የሚቆርጡ አሉ፤ ለውሃ ባልተሠራ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ላይ ውሃ ማፍሰስ ግን አንዱን ሞት ሸሽቶ ወደ ሌላው ሞት መሄድ ነው።

ሦስተኛው የሲሚንቶ ነገር ነው። በውሃ የተለወሰ ሲሚንቶ ቆዳን ያቃጥላል፤ ቃጠሎውም ወዲያው ስለማይሰማ ሠራተኛው ሱሪው ርሶ ተንበርክኮ ሲውል ቆይቶ፥ ማታ ሲያወልቀው ጉልበቱ ተልጦ ያገኘዋል። በሲሚንቶ ውስጥ ያለው ክሮሚየም የሚባለው ንጥረ ነገር የእጅን ቆዳ ያስቆጣል፤ አንድ ጊዜ ከተቆጣም ሲሚንቶ በነካ ቍጥር ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ መንበርከክ ደግሞ ጉልበትን ያሳብጣል፥ ውሎ አድሮም መገጣጠሚያውን ያደክማል። ባለ 50 ኪሎውን የሲሚንቶ ከረጢት ብቻውን በደረጃ የሚያወጣ ልጅም ወገቡን በልጅነቱ ይቀብራል።

እንግዲህ መከላከያው ምንድር ነው? ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። ቀጥታ ለሚቆረጠው ሴራሚክ ጭሮ የሚሰብረው የእጅ መቁረጫ ይበቃል፤ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፥ አቧራውም እጅግ ጥቂት ነው። መኪና ግድ ሲኾን ለውሃ ተብሎ የተሠራውን፥ ባለ ገንዳውን መቁረጫ መጠቀም፥ የኤሌክትሪክ መሥመሩንም መሬት ባለው ሶኬትና ፍሳሽ ሲኖር በሚያጠፋ ማብሪያ ማስጠበቅ ይገባል። በግራይንደር የሚቆረጠው ከቤት ውጭ፥ ነፋሱ አቧራውን ከሰው ወዲያ በሚወስድበት ስፍራ ይቆረጥ። ፎጣ ወይም ነጠላ ባፍንጫ ላይ መጠምጠም ደቃቁን ብናኝ አያግድም፤ ጫፉም በዲስኩ ሊጠመጠም ይችላል። የሚያግደው ፊት ላይ በደንብ የሚገጥመው፥ ኤን 95 የተባለው ዓይነት ጭምብል ነው። መነጽር ለዓይን፥ ውሃ የማያስገባ ጓንት ሲሚንቶ ለሚነካ እጅ፥ ወፍራም መደገፊያ ለጉልበት ያስፈልጋል። ሲሚንቶ የነካው ቆዳ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ። እናቶቻችን የአፈር ወለል ከመጥረጋቸው በፊት ውሃ እንደሚረጩ ሁሉ፥ የሥራ ቦታውም ውሃ ሳይረጭ አይጠረግ። የሚያስለው ሠራተኛም ወደ ሐኪም ሲሄድ ሥራውን አይሸሽግ፤ ጣሊያናዊው ሐኪም ራማዚኒ በ1700 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሐኪም በሽተኛውን ሥራው ምን እንደ ኾነ እንዲጠይቀው የመከረው በከንቱ አይደለም።

ይህ ሁሉ የማን ግዴታ ነው የሚል ይኖራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪ የመከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥና ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንዲያስተምር፥ ሠራተኛውም የተሰጠውን እንዲጠቀም ያዝዛል፤ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የኾነ ልጅ እንዳይቀጠር፥ ከ18 በታች የኾነውም በአደገኛ ሥራ እንዳይሰማራ ይከለክላል። ነገር ግን አዋጁ በራሱ የሙያ ኃላፊነት ሥራ ተቀብሎ ለሚሠራ ሰው አይደርስም። እኛ ወደ ቤታችን የምናስገባው አንጣፊ ብዙውን ጊዜ በካሬ የተዋዋለ፥ ፎርማንም ተቆጣጣሪም የሌለው ነው። ረዳቱም በክረምት ዕረፍት ለደብተር መግዣ የወጣ ተማሪ ሊኾን ይችላል። ሕግ በማይደርስበት ደጃፍ የሚቀረው ጠባቂ የባለቤቱ ኅሊና ነው።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቍጥር 8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፥ ከሰገነቱ ሰው ወድቆ ደም በቤቱ ላይ እንዳይኾን፥ በዙሪያው መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። አስተውሉ፤ ትእዛዙ የተነገረው ለሚወድቀው ሰው አይደለም፥ ለባለ ቤቱ ነው።

ስለዚህ አባወራዎችና እማወራዎች፥ ከጥምቀት በኋላ የሰርግ ወራት ሲደርስ ‹‹እንግዳ ሳይመጣ ቶሎ ጨርስልን›› ብላችሁ አንጣፊውን አታጣድፉት፤ መከለያውን የሚያስወልቀው፥ በደረቁም የሚያስቆርጠው ጥድፊያ ነውና። ዋጋ ስትነጋገሩ ጭምብሉንና ጓንቱን በዋጋው ውስጥ ጨምሩ፤ አልያም ገዝታችሁ ስጡት። የሚታጠብበት ንጹሕ ውሃ አቅርቡለት፤ ልጅ ይዞ ከመጣም ልጁ ውሃ ይቅዳ፥ ዕቃ ያቀብል እንጂ ወደ መቁረጫው አይቅረብ። ይህን ያደረገ ቤተ ሰብ በወለሉ ላይ ሲቆም፥ የማንም ሳንባ እንዳልተነጠፈበት እያወቀ በደስታ ይቆማል።