ስንቅ የምትልክ ተማሪ

እሁድ ከሰዓት በኋላ እንጅባራ አስፋልት ዳር የቆመ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አይመለስም። ከባንጃ፣ ከፋግታ ለኮማ፣ ከአንከሻና ከጓጉሳ ገጠሮች የመጡ ተማሪዎች ስንቃቸውን ተሸክመው ወደ ከተማ ይገባሉ። እንጀራ በፌስታል፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ ግማሽ ማዳበሪያ ድንች። ሦስት አራት ሆነው በተከራዩአት ክፍል ውስጥ ያ ስንቅ ሳምንቱን ማድረስ አለበት። የእንጅባራ ብርድ ለሰው ክፉ ቢሆንም ለእንጀራ ደግ ነው፤ ቶሎ አያሻግተውም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም የማይከራከርበት ሕግ አለ። ስንቅ የሚሄደው ከቤተሰብ ወደ ተማሪ ነው። ልጇን ዘጠነኛ ክፍል ከተማ አስገብታ «በወሩ መጨረሻ ስንት ትልክልኛለህ?» የምትል እናት አይተን አናውቅም። ተማሪ ነዋ!

ይኼው ተማሪ አድጎ፣ ዲግሪውን ይዞ፣ ለማስተርስ ከቦሌ ሲሳፈር ግን ሕጉ በአንድ ሌሊት ይገለበጣል። ትናንት ስንቅ ተቀባይ የነበረው ዛሬ ስንቅ ላኪ ይሆናል። ትምህርቱ አላለቀም፤ እንዲያውም ብሷል። ዛሬ ልናወራ የፈለግነው ስለዚህ ግልበጣ ነው።

እዚሁ እንጅባራ አብራን የተማረች አንዲት ጓደኛችን አሁን እንግሊዝ አገር ማስተርስ እየተማረች ነው። ስኮላርሺፑ የትምህርት ክፍያውን ይችላል፤ መብል፣ የቤት ኪራይና ትራንስፖርት የራሷ ጣጣ ነው። ለቪዛ በባንክ መታየት ያለበትን ገንዘብ ለመሙላት አባቷ ለከሰል የተከሉትን ዲከረንስ ሳይደርስ ሸጡ። አዲስ አበባ ያሉት አጎቷ ደግሞ ትልቁን ድርሻ አበደሩ። ቪዛው ሲወጣ አጎቷ ገንዘባቸውን መልሰው ወሰዱ። ለመታየት የተቆለለው ገንዘብ ለመኖር የታሰበ መሆኑን ማንም አላስታወሰም።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ እንዲህ ነው። ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ላይብረሪ፣ ማታ የአረጋውያን መጦሪያ። አዛውንቶችን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ አንሶላ ትቀይራለች። ለእናቷ የነገረቻቸው ግን «ቢሮ ነው የምሠራው፣ ኮምፒውተር ላይ» ብላ ነው። ለታናሽ ወንድሟ ስልክ፣ ለፋሲካ የበግ መግዣ፣ ለአባቷ የማዳበሪያ ብር ልካለች። በቅርቡ በቴሌግራም የላከችልንን ድምፅ ስንሰማ ታዲያ ሌላ ነገር መጣ። አንድ ምግብ ቤት ቅዳሜና እሁድ ሳህን እንድታጥብለት ጠይቋታል። ክፍያው በእጅ ነው፤ ማንም አያውቅም ተብላለች። «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» ትለናለች።

መልሳችንን ለእሷ ነግረናታል። እዚህ የምንጽፈው ጥያቄው የእሷ ብቻ ስላልሆነ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። እንግሊዝ አገር የዲግሪና የማስተርስ ተማሪ በትምህርት ወቅት መሥራት የሚችለው በአብዛኛው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። የማስተርስ ተማሪ ደግሞ ክረምቱም የመመረቂያ ጽሑፍ ጊዜው ስለሆነ እንደ ትምህርት ወቅት ይቆጠርበታል። ከኤፕሪል 2026 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራበት ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ፣ 21 ዓመት ለሞላው ሰው፣ 12.71 ፓውንድ ነው። በ20 ሰዓት ሲባዛ በሳምንት 254 ፓውንድ፣ በወር ሲታሰብ 1,100 ፓውንድ ገደማ ይሆናል። ያም አንድም ሳምንት ሳትታመም፣ አንድም ፈተና ሳይገጥማት ከሠራች ነው።

አሁን ደግሞ መንግሥቱ ራሱ ያወጣውን ቁጥር እንይ። ከኖቬምበር 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቪዛ የሚጠይቅ ተማሪ ከለንደን ውጭ ለመኖር በወር 1,171 ፓውንድ፣ ለንደን ውስጥ 1,529 ፓውንድ እንዳለው ማሳየት አለበት። የዘጠኝ ወሩን ማለት ነው። ልብ በሉ! የአገሩ ሕግ በራሱ አፍ «የተማሪ ሥራ ለመኖር እንኳ አይበቃህም» እያለ ነው። ከዚያ ላይ የትምህርት ክፍያ ሊከፈል? ከዚያ ላይ ቤተሰብ ሊጦር? እዚህ እኛ ዘንድ ግን ሰውን የሚሸኙት «ሄደህ እየሠራህ ትከፍላለህ» ብለው ነው። እንዲህ የሚል ኤጀንት ሲገጥማችሁ ካልኩሌተር አውጡና አብራችሁት አስሉ።

ሌላውም አገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ካናዳ ከኖቬምበር 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከግቢ ውጭ በሳምንት 24 ሰዓት ትፈቅዳለች። አውስትራሊያ በሁለት ሳምንት 48 ሰዓት። ጀርመን በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን። አሜሪካ ደግሞ ባብዛኛው ግቢ ውስጥ ብቻ፣ ያውም በትምህርት ወቅት ከ20 ሰዓት ሳያልፍ። ቁጥሩ ይለያያል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ይህች ሰው ተማሪ ናት፣ ሥራው ድጎማ ነው።

ሰዓቱን የጣሰ ሰው ምን ይገጥመዋል? ቪዛው ሊሰረዝ ይችላል፤ ትምህርቱ መሃል ላይ ይቋረጣል፤ ሁለተኛ ቪዛ ሲጠይቅ ያው መዝገብ ይጠብቀዋል። በእጅ የሚከፈል ሥራ ሌላም ጣጣ አለው። ባለቤቱ የሁለት ሳምንት ደመወዝ ቢከለክላት ለማን አቤት ትላለች? ራሷን አጋልጣ ነው የምትከሰው። «ማንም አያውቅም» የተባለችው ነገር የምትጠቅመው አሠሪውን ነው። አንዲት ልጅ ለሁለት መቶ ፓውንድ ብላ አባቷ ዲከረንስ የሸጡበትን ዲግሪ ታስይዛለች።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቁ ለምን ዝም ይላሉ? ሁለት ምክንያት ይታየናል።

አንደኛው ይሉኝታ ነው። እኛ አገር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምግቡና ማደሪያው በወጪ መጋራት ተሸፍኖለት ስለሚማር፣ ብዙዎቻችን በትምህርት ላይ ሳለን ለጉልበታችን ደመወዝ ሳንቀበል ነው የተመረቅነው። እየሠራ የሚማረው የማታ ተማሪው፣ ሊስትሮው፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ ልጅ ነው። ሊስትሮ እየሠራ የተማረ ልጅ በምረቃው ቀን ይጨበጨብለታል፤ ብሩሽ ይዞ በተቀመጠባቸው ዓመታት ግን ማንም አላጨበጨበለትም። ይህን ዓይን ይዘን ነው የምንሄደው። ስለዚህ የአረጋውያን መጦሪያው በስልክ ላይ «ቢሮ» ይሆናል።

ግን ይህ ኩራት ከየት መጣ? ጎጃም እኮ የቆሎ ተማሪ አገር ነው። ከሸዋም ከጎንደርም ከወሎም ተነስቶ ቅኔ ፍለጋ ዋሸራና ጎንጅ የወረደው ተማሪ ያገሩ ሰው አልነበረም፤ የዘመኑ የውጭ አገር ተማሪ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፣ ለመምህሩ እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ ይለምናል። አላፈረም፤ ያፈረበትም የለም። ሌላው ደግሞ ይኼ ነው፤ ከቆሎ ተማሪ ብር የሚጠብቅ ዘመድ አልነበረም። ሁሉም የሚጠብቀው ተምሮ መመለሱን ነው።

ከካራማራው ጦርነት በኋላ ወደ ኩባ የተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆችም የወጣቶች ደሴት በምትባለው ቦታ ግማሽ ቀን እየተማሩ፣ ግማሽ ቀን ፍራፍሬ እርሻ ላይ ይሠሩ ነበር። ሥራው የትምህርቱ አካል ስለነበር የሚደበቅ ነገር አልነበረውም።

ሁለተኛው ምክንያት ከይሉኝታ ይከብዳል፤ ችግር ነው። የጓደኛችን እናት ስግብግብ አይደሉም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። የምንዛሪው ገበያ ክፍት ከሆነ ወዲህ ብሩ ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷል። መቶ ፓውንድ ሲመነዘር ከ15 ሺህ ብር ያልፋል፤ ከአንድ አዲስ ምሩቅ የመንግሥት ሠራተኛ የወር ደመወዝ ይበልጣል ማለት ነው። በዚያ ላይ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልላችን ያለበት ሁኔታ አለ። መንገድ ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ቤተሰብ ውጭ ያለው ልጁ ላይ ዓይኑን ቢጥል አይፈረድበትም። እዚህ ያለን እኛም ብንሆን «አንድ ነገር ብትልኪ እኮ» ብለን ቀልደን እናውቃለን። ቀልድ ብቻ አልነበረም።

ግን መቶ ፓውንዱ እዚያ የስምንት ሰዓት ሥራ ነው። ከሃያው ስምንቱ። ስምንት ሰዓት አዛውንት አንስቶ አልጋ ላይ ማስተኛት ነው። የላከችው ከትርፏ ላይ አልነበረም፤ ከምሳዋ ላይ ነው። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ደግሞ ሊያዝንላት አይችልም። ስለዚህ ውሸቷ መጀመሪያ የምትጎዳው ራሷን ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለሦስት ወገን ሦስት ነገር እንላለን።

ለቤተሰብ፦ ልጃችሁ እስክትመረቅ ድረስ ተማሪ ናት። እንጅባራ ክፍል ተከራይታ ስትማር እንደነበረችው ቁጠሯት። መላክ ካልቻላችሁ፣ አለመጠየቅም ስንቅ ነው። ስትደውሉ «ደሞዝ ገባ?» ከማለት በፊት «ተኛሽ? በላሽ?» በሏት።

ለእኛ፣ ጋዜጠኝነት ተምረን የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ በየቴሌግራሙ ለምናጋራው፦ «ሙሉ ስኮላርሺፕ» ብለን ከመለጠፋችን በፊት መኖሪያውን ይሸፍን እንደሆነ፣ ሥራ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድ አንብበን እንጻፍ። አንድ መስመር ናት። አንድን ቤተሰብ ከዕዳ ታድናለች።

ለተማሪዋ፦ የምትሠሪውን በስሙ ጥሪው። ሰዓትሽን አትለፊ። ሲጠብሽ ወደ ምግብ ቤቱ ጓዳ ከመሄድሽ በፊት ወደ ዩኒቨርሲቲሽ የተማሪዎች አማካሪ ሂጂ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለተቸገረ ተማሪ የሚሰጡት የድጋፍ ገንዘብ አላቸው፤ የውጭ ተማሪ ይገባው እንደሆነ መጠየቅ አያሳፍርም። አያቶቻችን ከውሻ ጋር ታግለው ጠይቀዋል።

ጓደኛችን የሳህን አጠባውን ትታዋለች። ለእናቷም ደውላ እውነቱን ነገረቻቸው፤ ሽማግሌ እንደምታጥብ፣ ሃያ ሰዓት ብቻ እንደሚፈቀድላት፣ እስከ ምረቃዋ ብር እንደማትልክ። ስልኩ ለአፍታ ዝም አለ አሉ። ከዚያ እናትዬው «ሽማግሌ መጦር ምን ያሳፍራል ልጄ፣ ምርቃት ነው» ብለው ቀጠሉ፤ «ታዲያ ሰው የሚመጣ ካለ በሶ ልላክልሽ?»

እንግዲህ ወደዚያ የምትበሩ፣ ሻንጣችሁ ውስጥ የሁለት ኪሎ ቦታ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ብቅ በሉ። በሶውና ድርቆሹ ተዘጋጅቷል። ቅቤውን ግን አስቀርተነዋል፤ ጉምሩክ አያሳልፈውም።