ሒሳብ መጠየቅ አገርን መውደድ ነው

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን የአባቶቻችንን አባባል የማያውቅ በመካከላችን የለም። ለቡና የሚሆን ጥቂት ብር ይዞ ወደ ገበያ የተላከ ልጅ ሲመለስ መልሱን ቈጥሮ ያስረክባል፤ እናቱ ሒሳቡን ስለ ጠየቀችውም አይቀየምም። እኔን የሚያስደንቀኝ፣ ለጥቂት ብር የምናደርገውን ጥያቄ ለብዙ ቢሊዮን ብር ለማድረግ መፍራታችን ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው፣ የሕዝብን ገንዘብ ሒሳብ መጠየቅ የአገር ጠላትነት ሳይሆን የአገር ፍቅር መሆኑን ነው።

ምሳሌውን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። በዙሪያችን ሁለት ታላላቅ ሥራዎች አሉ። አንደኛው በዚሁ በመተከል፣ በጉባ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ነው። ሁለተኛው በጎረቤታችን በጃዊ በኩል የበለስን ወንዝ ተከትሎ የተቋቋመው የጣና በለስ ስኳር ልማት ነው። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ማለት ሜቴክ፣ በሁለቱም ገባ። በበለስ ፋብሪካ እንዲያቆም፣ በግድቡም ተርባይንና ጄኔሬተር እንዲያቀርብና እንዲተክል ሥራው ተሰጠው። የተሰጠው ግን ከሌሎች ጋር በጨረታ ተወዳድሮ አልነበረም።

ውጤቱ ምን ሆነ? በበለስ አገዳው አስቀድሞ ተተከለ፤ ፋብሪካው ግን በቀጠሮው አልደረሰም። አገዳ ደግሞ እንደ ድንጋይ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ጊዜው ሲያልፍ ይበላሻል። ስለዚህ ብዙው አገዳ ስኳር ሳይሆን ቀረ። በመጨረሻም ሥራው ወደ ቻይና ኩባንያ ተዛውሮ፣ የመጀመሪያው ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ተመረቀ።

የግድቡም ነገር እንዲሁ ነው። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል በአምስት ዓመት ገደማ ያልቃል ተብሎ ነበር። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አንድም ተርባይን ሥራ አለመጀመሩን ለሕዝብ ገለጹ፤ የሜቴክም ድርሻ ተወስዶ ለሌሎች ተሰጠ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ፣ ኮርፖሬሽኑ 37 ቢሊዮን ብር የሚያህል የውጭ አገር ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን አስታወቁ፤ የቀድሞ ኃላፊዎቹም ታሰሩ። ግድቡ የመጀመሪያውን ኃይል የሰጠው የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲሆን፣ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ለመዘግየቱ ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩ፤ ነገር ግን ሳይጠየቅ የሄደው ሥራ ዋና ድርሻ እንደ ነበረው ማንም አይክደውም።

እንግዲህ ዕዳውን የከፈለው ማን ነው? የወር ደመወዙን ለቦንድ የሰጠው መምህር፣ ከእህሉ ሽያጭ ቀንሶ ያዋጣው ገበሬ፣ ሥራ አገኛለሁ ብሎ የፋብሪካውን መከፈት ሲጠባበቅ የኖረው ወጣት ነው። የጠፋ ገንዘብ ምናልባት ይመለስ ይሆናል፤ ያለፈን ዕድሜ ግን የትኛው ፍርድ ቤት ይመልሳል? ሰው ከታሰረ በኋላ መጮኽ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ነው። ጥያቄው ውል ከመፈረሙ በፊት መቅረብ ነበረበት።

አንዳንድ ሰዎች ግን «በአገር ሥራ ላይ ጥያቄ ማብዛት ጠላትን ደስ ማሰኘት ነው» ይላሉ። ያን ጊዜም ብዙዎችን ዝም ያሰኘው ይኸው አሳብ ነበር። እኔ ግን ጠላትን የሚያስደስተው ጥያቄው ሳይሆን የሥራው መበላሸት ነው እላለሁ። ሎክሂድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አውሮፕላን ለመሸጥ ለውጭ አገር ሹማምንት ጉቦ መስጠቱ በተገለጠ ጊዜ፣ የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ካኩኤይ ታናካ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1976 ታሰሩ፤ በ1983ም ተፈረደባቸው። አሜሪካም በ1977 ኩባንያዎቿ ለውጭ ሹማምንት ጉቦ እንዳይሰጡ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ጉዳቸው በአደባባይ ስለ ተነገረ ሁለቱ አገሮች አልፈረሱም፤ እንዲያውም አሜሪካ ከነውሩ ሕግ አተረፈች።

አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለብንም። ጥፋት የሠራው ሰው እንጂ የተወለደበት ወገን አይደለም። የልዩ ልዩ ሕዝብ ልጆች በአንድ ወንበር ተቀምጠን በምንማርባት በፓዌ፣ የጥቂት ሹማምንትን በደል በአንድ ሕዝብ ላይ መለጠፍ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ልንረዳው ይገባል። ሰውን ጥፋተኛ የሚለው ዳኛ ነው፤ የእኛ ድርሻ ሒሳብ መጠየቅ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን ተረት እየሳቅን ለታናናሾቻችን ማስተማር እናቁም። የክፍል መዋጮ ስንሰበስብ ደረሰኝ እንስጥ፤ የክበባችንን ሒሳብ በሰሌዳ ላይ እንለጥፍ። ወላጆችም ልጆቻችሁ «ይህ ገንዘብ የት ገባ?» ብለው ሲጠይቁ «ባለጌ» አትበሏቸው። ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስ፣ ገንዘብ ያዥና ሹም የሚሆኑ አሉ። ዛሬ በአሥር ብር ሒሳብ መጠየቅን የለመደ፣ ነገ በቢሊዮን ብር ውል ላይ ሲፈርም እጁ ይጠነቀቃል።