ለዊንች የሚሆን ሞተር በመካነ ሰላም፦ ከፍታው ወይስ ቮልቴጁ?

መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በእንዲህ ያለ ደጋ ለሚተከል ዊንች ሞተር ሲመረጥ አስቀድሞ የሚታሰበው የአየሩ መሳሳት ነው። ስጋቱ መሠረት አለው፤ መደበኛ ሞተር አቅሙ የሚለካው እስከ 1000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ላለው አካባቢ ሲሆን፣ ስስ አየር ሞተሩን በሚገባ አያቀዘቅዝም። ነገር ግን ደጋው በአየሩ የነሳውን በቅዝቃዜው ይክሳል። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን 60034-1 ደረጃ ስሌት፣ የሙቀት ጭማሪው በ80 ዲግሪ የተወሰነ ሞተር በ2600 ሜትር ላይ ሙሉ ኃይሉን እንዲሰጥ የአካባቢው ሙቀት ከ27 ዲግሪ ገደማ አለመብለጡ ይበቃል። የደቡብ ወሎዋ ቦረና አየር ይህን በአብዛኛው ያሟላል። ስለዚህ ምርጫው ይበልጥ ሊመሠረት የሚገባው በመስመሩ ቮልቴጅ ላይ ነው።

ለአብነት በግንባታ ቦታ 500 ኪሎ ግራም ጭነት በሰከንድ 0.2 ሜትር ፍጥነት ማንሳት 981 ዋት ይጠይቃል። የማርሹና የገመድ መጠቅለያው ብቃት በድምሩ 60 በመቶ ቢሆን ከሞተሩ የሚፈለገው 1.6 ኪሎዋት ያህል ስለሆነ፣ ባለ 2.2 ኪሎዋት ሞተር ከበቂ በላይ ይመስላል። ይሁንና የኢንዳክሽን ሞተር የማዞር ጉልበት ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ይወርዳል። ቮልቴጁ በ20 በመቶ ሲቀንስ የሚቀረው ጉልበት 64 በመቶ ብቻ ነው። በቀጥታ የሚነሣ ሞተር ደግሞ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ጅረት ስለሚስብ፣ ከትራንስፎርመር በራቀ መስመር ላይ ቮልቴጁ ይበልጥ የሚወርደው ጭነቱ ከቆመበት በሚነሣባት ቅጽበት ነው።

ለዚህ ችግር ዘወትር የሚቀርበው የስታር-ዴልታ አነሣስ መስመሩን ቢያሳርፍም የመነሻ ጉልበቱን ወደ ሲሶ ያወርዳል። ለውኃ ፓምፕ ሊስማማ ይችላል፤ ጭነት ለተንጠለጠለበት ዊንች ግን አይበጅም። ባለ አንድ ፌዝ መስመር ብቻ ባለበት ስፍራም፣ የሥራ ካፓሲተር ብቻ ያለው ሞተር የመነሻ ጉልበቱ ደካማ ነው። የተሻለው አማራጭ ከአንድ ፌዝ ሦስት ፌዝ በሚያወጣ ኢንቨርተር የሚነዳ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ነው። ከፍታው እዚህ ላይ ተመልሶ ይነሣል፤ የኢንቨርተሩ አቅም ከ1000 ሜትር በላይ ስለሚቀንስ የአምራቹን ሠንጠረዥ ማየት ግድ ነው።

ከሁሉም በላይ የመብራት መቋረጥ ሊታሰብበት ይገባል። ኃይል ያጣ ሞተር ጭነት አይዝም፤ የትል ማርሽ ራሱን ይቆልፋል የሚለው እምነትም በንዝረትና በቅባት ምክንያት አስተማማኝ አይደለም። ኃይል ሲቋረጥ በስፕሪንግ የሚይዝ ፍሬን የሌለው ሞተር፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ከሥሩ ሰው ለሚሠራበት ዊንች መመረጥ የለበትም።

እንግዲህ በዚህ አካባቢ ዊንች የሚነድፍ ተመራማሪ የሞተሩን ኪሎዋት ከመወሰኑ በፊት ቮልት መለኪያውን ይዞ ወደ መስመሩ ጫፍ ይሂድ። መመዝገብ ያለበትም ሞተር በሚነሣበት ጊዜ የሚታየውን ቮልቴጅ ነው።