ታብሌቱ ብርሃን ሲያፈስ

በማውቃቸው ቤቶች ታብሌት የገባው በሁለት መንገድ ነው። ወይ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት መጥቷል፣ ወይ ደግሞ ቤተሰቡ ተመካክሮ፣ ገንዘብ አጠራቅሞ ከመርካቶ ወይም ከቦሌ ሱቅ ገዝቶታል። በየትኛውም መንገድ ይምጣ፣ ዕቃው አንዴ ቤት ከገባ በኋላ መልሶ መለወጥ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ልጆቹ ፊልም ሲከፍቱ፣ ጥቁሩ ስክሪን ጠርዝ ላይ እንደ ጉም የነጣ ብርሃን ከታየ ክርክር ይነሣል። አባት "ተበላን!" ይላል። እናት "ልጆቹ ጥለውት ነው" ትላለች። አያት ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቃቸውን ይጠይቃሉ፤ "የልጆቹን ዓይን አያጠፋም ወይ?"

ጥያቄው እየተደጋገመ ስለሚደርሰኝ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። አጭሩ መልስ ይህ ነው፤ ታብሌቱ አዲስ ሆኖ ሲመጣ ጀምሮ የነበረ ብርሃን ከሆነ እርሱት። ከጊዜ በኋላ የመጣ ከሆነ ግን ታብሌቱን ገልብጡና ጀርባውን እዩ።

ብዙዎቹ ታብሌቶች ኤልሲዲ የሚባል ስክሪን ያላቸው ናቸው። በዚህ ዓይነት ስክሪን ላይ የምናየው ሥዕል ራሱ አይበራም፤ የሚያበራው ከኋላው ያለ መብራት ነው። በአንደኛው ጠርዝ በኩል የስንዴ ፍሬ የሚያህሉ የኤልኢዲ መብራቶች ተደርድረዋል። ብርሃናቸው ጥርት ወዳለ ስስ የፕላስቲክ ሰሌዳ ይገባና በመላው ስክሪን ሥር ይሰራጫል። ከሰሌዳው በላይ ብርሃኑን የሚያለዝቡ ወረቀት መሰል ሽፋኖች አሉ። ከነሱ በላይ ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ሥራው እንደ መጋረጃ ነው፤ በኤሌክትሪክ እየታዘዘ በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ይከለክላል።

እንግዲህ ስክሪኑ ጠቆረ ማለት መብራቱ ጠፋ ማለት አይደለም። መብራቱ እንደበራ ነው፤ የተዘጋው መጋረጃው ነው። መጋረጃ ደግሞ የቱንም ያህል ቢወፍር እኩለ ቀን ላይ ክፍሉን ድፍን አድርጎ አያጨልምም። ደህና የሚባለው የኤልሲዲ ስክሪን እንኳ ጥቁር ሲያሳይ የነጩን ብርሃን አንድ ሺሕኛ ያህል ያሳልፋል። ቀን ይህን ማንም አያየውም። መብራት ሲጠፋ ግን ዓይናችን ጨለማውን ይለምድና ያቺን ጥቂት ብርሃን ያገኛታል።

ጠርዙ ላይ የሚበዛው መብራቶቹ ያሉት እዚያ ስለሆነ፣ መስታወቱም ከክፈፉ ጋር በማጣበቂያ የሚያያዘው እዚያው ስለሆነ ነው። ማጣበቂያው በአንድ በኩል ጥቂት ከወፈረ፣ ወይም ክፈፉ አንዱን ማዕዘን ጫን ካለው፣ ሽፋኖቹ ይጨመቃሉ፤ ብርሃኑም ባልተፈለገበት በኩል ያመልጣል። እንግሊዝኛው "ይደማል" ይለዋል። እኔ ግን ጣሪያ ያፈሳል እንደምንለው "ያፈሳል" ብለው ይሻለኛል፤ ደም የሚለው ቃል ያለነገሩ ሰው ያስደነግጣል።

ውድ ዕቃ ላይም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2011 አይፓድ 2 ገበያ ላይ ሲወጣ ገዢዎች ካነሷቸው ቅሬታዎች አንዱ ይኸው ነበር። ስለዚህ "ኦሪጅናል ስላልሆነ ነው" የሚለው ፍርድ አያስኬድም። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን ከወጡ ሁለት ታብሌቶች አንዱ ሊያፈስ፣ ሌላው ላያፈስ ይችላል። እርግጥ ጨርሶ የማያፈሱ ስክሪኖችም አሉ፤ ኦሌድ ይባላሉ። እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ስለምታበራ ጥቁር ሲፈለግ ትጠፋለች፤ ከኋላ መብራት ስለሌለ የሚያፈስ ነገር የለም። ሳምሰንግ ውድ በሆኑት ታብሌቶቹ ላይ ለዓመታት ተጠቅሞበታል፤ አፕልም እ.ኤ.አ. በ2024 አይፓድ ፕሮ ላይ አምጥቶታል። ሽሮ በነካ ጣት ለሚያዝ የቤት ሥራና የካርቱን ዕቃ እዚያ ዋጋ ድረስ መሄድ ግን ለእኔ ብክነት ነው።

የእናንተን ለመፈተሽ ማታ ክፍሉን አጨልሙና ሙሉ ጥቁር ፎቶ ክፈቱ። ከሌላችሁ የታብሌቱን ካሜራ በእጃችሁ ሸፍናችሁ አንድ ፎቶ አንሡ፤ ይበቃል። ብራይትነሱን ዘወትር በምትጠቀሙበት ልክ አድርጉ፣ በክንድ ርቀት ፊት ለፊት ያዙት። ከዚያ ራሳችሁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጉ። ብርሃኑ አብሯችሁ ቦታ ከቀየረ ወይም ከፈዘዘ ፍሳሽ አይደለም፤ እንዲህ ዓይነት ስክሪን ከጎን ሲታይ የሚያሳየው ጠባይ ነው። ቦታውን ሳይለቅ ከቆመ ፍሳሽ ነው። አሁን አምፖሉን አብሩና ልጆቹ ዘወትር የሚያዩትን ክፈቱላቸው። "ፀሐይ መማር ትወዳለች"ም ይሁን፣ የሒሳብ መልመጃም ይሁን፣ ውጭ ካለች አክስት ጋር በቪዲዮ መነጋገርም ይሁን። ያ ብርሃን አሁንም ይታያችኋል? ካልታያችሁ፣ ለእናንተ ቤት እንደሌለ ቁጠሩት።

በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ግን አትፍረዱ። አንዲት ጎረቤቴ ልጃቸው ከቨርጂኒያ የላከችላቸውን ታብሌት በጨለማ ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም መልሰው ላኩላት። ፎቶው ላይ አራቱም ማዕዘን እሳት የተያያዘ ይመስላል። ልጅቷ ደንግጣ "እማዬ፣ በቃ ተዪው፤ ሌላ እልክልሻለሁ" አለቻቸው። ሌላ ታብሌት ማለት ለልጅቷ ስንት የሌሊት ፈረቃ እንደሆነ እናት ያውቃሉ። "ልጄን በከንቱ አላስለፋትም፤ እስቲ አንተ እየው" ብለው ይዘውት መጡ። ክፍሉን አጨልመን በዓይናችን ስናየው የነበረው፣ በታችኛው ጠርዝ አውራ ጣት የምታህል ፍዝ ብርሃን ብቻ ነበረች። የስልክ ካሜራ ጨለማ ሲያጋጥመው ብርሃን ለመሰብሰብ ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ ስለሚቆይ፣ ትንሿን ነገር አግዝፎ ያሳያል። እዚያው ሆነው ለልጃቸው ደወሉላትና "እንዳትልኪ፤ ጤነኛ ነው" አሏት። የልጅ ልጃቸው ዛሬም የቤት ሥራውን ይሠራበታል።

የሚያፈሰው ብርሃን ዓይን ያጠፋል ወይ ለሚለው፣ አያጠፋም። ነጩን ገጽ የሚያበራው ያው መብራት ነው፤ ያውም በጣም ቀንሶ። ልጁ ነጭ ገጽ ሲያነብ ዓይኑ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዓይን የሚያደክመው በጨለማ ክፍል ብራይትነሱን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ማየት፣ ስክሪኑን አፍንጫ ሥር አስጠግቶ መያዝና ዓይንን ሳያርገበግቡ ማፍጠጥ ነው። የዓይን ሐኪሞች የሚመክሩት ቀላል ልማድ አለ፤ በየ20 ደቂቃው ቀና ብሎ 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ ማየት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ 2 ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት ስክሪን ፊት ማስቀመጥን አይመክርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ካነሰም ይሻላል ይላል። የጠርዙ ብርሃን አስጨንቋቸው የሚጠይቁኝ ወላጆች ስለ ሰዓቱ ሲጠይቁኝ ብዙም አልሰማም።

አያቶችን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። እርስዎ ስክሪኑ ላይ ጉም እያዩ የልጅ ልጅዎ "እማማ፣ ምንም የለም እኮ" ካለ፣ ልጁን ይመኑት። ማታ በመኪና መብራትና በአምፖል ዙሪያም ጉም ወይም ክብ ብርሃን የሚታይዎ ከሆነ ጥፋቱ የታብሌቱ ላይሆን ይችላል። የዓይን ሞራ ከሚያሳያቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው ነው፤ በቀዶ ሕክምናም ይድናል። ዓይንዎን ይታዩ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ታብሌቱ ሁለት ሦስት ዓመት በሰላም አገልግሎ፣ አንድ ቀን በፊት ያልነበረ ብርሃን ወይም የነጣ ቦታ ካሳየ፣ ይህ ከፋብሪካ የመጣ ነገር አይደለም። የሆነ ነገር ስክሪኑን እየገፋው ነው። ምናልባት ወድቆ ክፈፉ ታጥፏል። ምናልባት ትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ ከመጻሕፍት ሥር ተጨፍልቋል። ስክሪን ተቀይሮለት ከሆነም በደንብ ሳይገጥም ቀርቶ ይሆናል። እነዚህ ቢያናድዱም ይቻላሉ። የሚያሰጋው ባትሪው አብጦ ከሆነ ነው።

የታብሌት ባትሪ ስስና ሰፊ ነው፤ ከስክሪኑ ሥር እንደ ሰሌን ተነጥፎ ይተኛል። ሊትየም ባትሪ ሲያረጅ፣ ሙቀት ሲበዛበት፣ ወይም ቀንና ሌሊት ቻርጀር ላይ ሲውል ሲያድር፣ ውስጡ ያለው ኬሚካል እየተበላሸ ጋዝ ይፈጥራል። ጋዙ መውጫ ስለሌለው ባትሪው እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ያን ጊዜ ስክሪኑን ከሥሩ ይገፋዋል። ያቺ አዲስ ብርሃን የመጀመሪያዋ ማስጠንቀቂያ ልትሆን ትችላለች።

በአንድ ጥገና ቤት በር ላይ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ አባት ታብሌት ይዘው መጡ። "ጠርዙ ላይ ብርሃን ይታያል፣ መስታወቱም ትንሽ ተከፍቷል፤ ተጫንና ለጥፍልኝ" አሉት ልጁን። ጠጋኙ ልጅ ሽፋኑን አወለቀና ታብሌቱን በጀርባው ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው። ታብሌቱ እንደ እሽክርክሪት ዞረ። "ፋዘር፣ ይሄ የስክሪን ችግር አይደለም፤ ባትሪው አብጧል። ብጫነው እዚሁ ይቃጠልብናል" አላቸው። ማታ ማታ የት ቻርጅ እንደሚያደርጉት ሲጠይቃቸው፣ ሰውየው ትንሽ ዝም አሉና "ልጆቹ ራስጌ ነው፣ ፍራሹ ላይ" አሉ።

እናንተም እንደዚያ ልጅ አድርጉ። ሽፋኑ እብጠቱን ይደብቃልና መጀመሪያ አውልቁት። በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ሲተኛ አንድ እግሩ እንዳጠረ በርጩማ ከተንገዳገደ አብጦ ሊሆን ይችላል። ጀርባው ብቻ ሳይሆን ጎኑም ይናገራል፤ ጠርዙን በዓይናችሁ ትክክል አድርጋችሁ ስታዩት መስታወቱ ከክፈፉ ተነሥቶ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ከታያችሁ ያው ነው።

እንዲህ ከሆነ ወዲያው አጥፉት። "እስቲ ልሞክረው" ብላችሁም ቢሆን ቻርጅ አታድርጉት። አትጫኑት፤ ጋዙን በመርፌ ላስወጣ የሚል ብልኀተኛም አይጠጋው፤ የተወጋ ሊትየም ባትሪ በሰከንዶች ውስጥ ሊቀጣጠል ይችላል። ከፍራሽ፣ ከመጋረጃና ከልጆች አርቃችሁ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ አስቀምጡትና ቶሎ ወደ ጥገና ውሰዱት። ነገሩን ያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ሳምሰንግን የሚያህል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ጋላክሲ ኖት 7 የተባለውን ስልኩን ከመላው ዓለም የሰበሰበው በባትሪው ምክንያት እሳት እየተነሣበት ስላስቸገረ ነው። ባትሪው ሲቀየር አሮጌውን ቤት ይዛችሁ አትምጡ፤ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥም አትጣሉት። ብዙ ጊዜ ባትሪው ሲቀየር ስክሪኑ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ብርሃኑም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ከመነሻው የሚያፈስ አዲስ ታብሌት ግን "ይስተካከልልኝ" ብላችሁ አታስከፍቱ። ታብሌት የሚዘጋው በማጣበቂያ ነው። ለመክፈት በሙቀት ይለሰልሳል፣ በስስ ነገር ይፈለቀቃል፤ ደህና የነበረው መስታወት እዚያው ሊሰነጠቅ ይችላል። ፍዝ ብርሃን ጠልቶ የተሰነጠቀ ስክሪን ይዞ መመለስ ምን ይባላል? በጨርቅ እሹት፣ ጠርዙን በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጉት የሚሉ መካሪዎችም አሉ፤ አትስሟቸው። ማረጋገጥ የሚሻለው ከመግዛት በፊት ነው። በሱቁ አምፖል ሥር ስለማይታይ፣ ጥቁሩን ፎቶ ከፍታችሁ በነጠላ ወይም በጃኬት ተሸፍናችሁ እዩት። ባለሱቁ ከሳቀ ይሳቅ።

የስክሪን መከላከያ ብርጭቆ ቢለጠፍበት ብርሃኑን ያቆም እንደሆነ የጠየቁኝ አባትም አሉ። አያቆምም፤ ብርሃኑ የሚመጣው ከመስታወቱ ሥር ነው፣ መከላከያው የሚለጠፈው ከላይ ነው። ለጭረት ግን ጥሩ ስለሆነ ይለጥፉት፤ ሲለጥፉት ጠርዙን በኃይል አይጫኑት።