መጀነን አራዳነት አይደለም!



ከሥላሴ እስከ ጊዮርጊስ ባለው ሰፈር «አራዳ» መባል ሙገሳ ነው፤ «ፋራ» መባል ደግሞ ስድብ። ዛሬ ዛሬ ግን አራዳነትን ከመጀነን ጋር አንድ አድርገነዋል። ሰላምታ የሚቆጥበው፣ ውድ ስልኩን ካፌ ጠረጴዛ ላይ የሚያሰጣው፣ ከክፍለ ሀገር በመጣ ልጅ አነጋገር የሚስቀው ሁሉ «አራዳ ነው!» ይባላል። ይህ በቋንቋችንም በዲናችንም ስህተት ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እንይ። አራዳ ገበያ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም) ገበያው ወደ መርካቶ ሄደ፣ ሰፈሩም ፒያሳ ተባለ፤ «አራዳ» ግን የሰው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ነገር ቶሎ የሚገባው፣ የማይሸወድ፣ ከሁሉም ጋር ተግባብቶ የሚያድር ማለት ነው። ገበያ ደግሞ የሚቆመው ከየአገሩ በሚመጣ ሰው ነው። ገዢ ላይ የሚጀነን ነጋዴ ሳይሸጥ ይገባል!

ለሚጀነን ሰው አማርኛ ሌላ ስም አላጣም፦ ኩፍስ፣ ቀብራራ፣ ጉረኛ። አንዱም ሙገሳ አይደለም።

ወደ ዲናችን ስንመጣ፣ ኢማሙ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በልቡ ቅንጣት ታህል ኪብር ያለበት ሰው ጀነት እንደማይገባ ተናገሩ። አንድ ሰው ልብሱና ጫማው እንዲያምር ስለሚወድ ሰው ጠየቀ። አላህ ውብ እንደሆነና ውበትን እንደሚወድ፣ ኪብር ግን ሐቅን መግፋትና ሰውን መናቅ እንደሆነ መለሱ።

ስለዚህ ጥሩ የለበሰን ሁሉ «ጉረኛ» የምትሉም ተሳስታችኋል። ሰው ውድ ሰዓት ስላሰረ ሙተከቢር አይሆንም፤ ሰዓት የሌለውን ሲንቅ ግን ይሆናል። በተቀደደ ጫማም ሰው የሚንቅ አለ። ኢብሊስንም ያዋረደው ልብሱ ሳይሆን ከአደም እበልጣለሁ ማለቱ ነው።

ጁሙዓ ቀን በኒ (ኑር) መስጂድ ትናንት ከወሎ የመጣው ልጅና ፒያሳ ያደገው ልጅ በአንድ ሶፍ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። አሰላምተን ስንወጣ በሩ ላይ «ፋራ» ካልነው፣ ሱጁዳችን ምን አስተማረን? ያ ልጅ ተሸማቆ ሁለተኛ ባይመጣ አላህ ፊት ምን ልንል ነው?

ወንድሜ፣ እህቴ! አራዳ መሆን ካማራችሁ ሰላምታውን ቀድማችሁ አቅርቡ፤ መንገድ ለጠፋው እንግዳ መንገድ አሳዩ።

አላህ ከኪብር ይጠብቀን። አሚን!