የሚሸከመንና የምንሸከመው



ነቢዩ ኢሳይያስ በ46ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ የሚያስገርም ነገር ያሳየናል። የባቢሎን አማልክት ቤልና ናባው በእንስሳት ጀርባ ተጭነው ይሄዳሉ። እንስሳቱ ደክመዋል፣ ጭነቱ ከብዷቸዋል። ሕዝቡን ይሸከማሉ የተባሉት አማልክት ተሸካሚ ፈላጊዎች ሆነዋል። ወዲያው እግዚአብሔር ለያዕቆብ ቤት ይናገራል፤ ከማኅፀን ጀምሮ የተሸከማቸው፣ እስከ ሽበትም ድረስ የሚሸከማቸው እርሱ ራሱ መሆኑን ያስታውሳቸዋል። ነቢዩ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው እኛ እንድንመረምር ነው። በሕይወታችን ያለው ነገር ይሸከመናል ወይስ እኛ እንሸከመዋለን?

ይህን ቃል ይዤ ዛሬ የምጽፈው ስለ መኪና ነው። ፈገግ የምትሉ አትጠፉም። ነገር ግን በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ የምናገለግል ሰዎች ስለ መኪና፣ ስለ ነዳጅና ስለ ጋራዥ ሳናነሳ የምንውልበት ቀን ጥቂት ነው። ደግሞም በዚህ ወር በአጥቢያችን ውሳኔ የሚጠብቅ ጉዳይ አለ። ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ።

ያለችኝ መኪና አሮጌ፣ ትንሽዬ ፎርዊል ናት። የሠራትን ፋብሪካ ስም መጥራት አያስፈልግም፤ በዕድሜዋ ላይ እንዲህ ያለ መንገድ የወጣች መኪና ከየትም ፋብሪካ ብትመጣ መድከሟ አይቀርም። የአጥቢያችን ወጣቶች «ጸልዩልኝ» ብለው ሰይመዋታል። ስሙ ተስማምቷታል። ጠዋት ስትነሳ ጸሎት፣ ዳገት ስትወጣ ጸሎት፣ ቁልቁለት ስትወርድ ደግሞ የበለጠ ጸሎት ትፈልጋለች።

እንዲህ ያለች መኪና ለምን እንዳስፈለገች ከሌላ አካባቢ ለምታነቡ ላስረዳ። ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዋናው መንገድ ደህና ነው። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚያልፈውን ይህን መንገድ ቻይናውያን እንደ ገነቡት በዕድሜ የገፉ ሰዎች አሁንም ይናገራሉ። ችግሩ የሚጀምረው ከዋናው መንገድ ስንወጣ ነው። ወደ ጉና ጥግ፣ ወደ እስቴ ገጠር ወይም ወደ እብናት መንደሮች የሚያስገባው መንገድ በበጋ ድንጋይ፣ በክረምት ጭቃ ነው። ከተማችን ራሷ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ ጉና ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ በከተማችን ከፍታ እንኳ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ትንሽ ሞተር ያን ያህል አቅም ያጣል ማለት ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ዳገቱን በከባድ ማርሽ ይወጣል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ፍሪሲዮኑ ይበላል፤ ራዲያተሩ ይፈላል። ይህ ሲደጋገም ነገሩ ቴስታታ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ መካኒኩ የሚናገረው አንድ ቃል ነው፤ «ሞተር ይወርዳል።»

አሁን «ጸልዩልኝ» የደረሰችው እዚህ ነው። ሞተሯ መውረድ አለበት። ሽማግሌዎቻችን ከፍቅራቸው የተነሳ ለማሳደሻው ልዩ መባ እንዲሰበሰብ ሐሳብ አቅርበዋል። ልባቸውን አከብራለሁ፤ ስለ እነርሱም ጌታን አመሰግናለሁ። እኔ ግን መባው መሰብሰብ የለበትም እላለሁ። ምክንያቴም ይህ ነው።

በመጀመሪያ ዋጋውን እንቁጠር። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል 14ኛ ምዕራፍ ግንብ ሊሠራ ስለሚወድ ሰው ሲያስተምር፣ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ስለ መቁጠር ተናግሯል። ትምህርቱ የተሰጠው እርሱን መከተል የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማሳየት ነው፤ በውስጡ ያለው ጥበብ ግን ለጀመርነውም ነገር ይጠቅማል። ብዙዎቻችን ስንገዛ እንቆጥራለን፤ ከገዛን በኋላ መቁጠር እናቆማለን።

የመለዋወጫ ነገር ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። እዚህ የማይገኝ ዕቃ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። መንገድ ሲዘጋ ዕቃው በየከተማው ያድራል፤ መኪናዋም ጋራዥ ታድራለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ኩሽኔታም ሆነ ጓርኒሲዮን ይህንኑ ተከትሎ ጨመረ። በዚያው በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ሰው በእጁ ያለችውን አሮጌ መኪና የሙጥኝ የሚለው በዚህም ምክንያት ነው፤ ከሸጣት ሌላ እንደማያገኝ ይፈራል።

ፍርሃቱ ይገባኛል። ይሁን እንጂ ጋራዥ ደጃፍ ላይ የሚያታልለን አንድ ሐሳብ አለ፤ «ይህን ሁሉ ካወጣሁባት በኋላ እንዴት እተዋታለሁ?» የሚል ነው። ያወጣነው ገንዘብ ወጥቷል፤ መኪናዋን ብንጠግናትም ባንጠግናትም ተመልሶ አይመጣም። መጠየቅ ያለብን ከዛሬ ጀምሮ የምናወጣው ብር ለምን ሥራ ቢውል ይሻላል የሚለውን ነው። ለሞተሯ የተጠየቀው ገንዘብ በገጠር ለሚያገለግል አንድ ወንጌላዊ የብዙ ወራት ደመወዝ ይሆናል። ወንጌላዊው ደግሞ ቴስታታው ባይቃጠልም ይርበዋል።

ይህች የእኛ ከተማ ስለዚህ ነገር ከማንም በላይ መስካሪ ናት። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ጋፋት አለ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን እዚያ የተቀመጡት አውሮፓውያን በአመዛኙ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የመጡ ሰዎች ነበሩ። ዋልድማየር ከእነርሱ አንዱ ነው። በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት የላካቸው በእጃቸው እየሠሩ የእግዚአብሔርን ቃል እንዲያስተምሩ ነበር። ንጉሡ ግን ከስብከታቸው ይልቅ የእጅ ሥራቸውን ፈለጉት፤ መድፍ እንዲያቀልጡም አዘዟቸው። በእነርሱ ልፈርድባቸው አልደፍርም፤ የንጉሥ ትእዛዝ እንዲህ በቀላሉ እምቢ የሚባል አልነበረም። ነገር ግን የሆነውን እንመልከት። የታሪክ መጻሕፍት ጋፋትን ሲያነሱ አስቀድመው የሚጠሩት ሴባስቶፖልን ነው። ቃሉን ለማስተማር የመጡት ሰዎች በቀለጠ ብረት ይታወሳሉ።

ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነስተው ወደ መቅደላ ሲሄዱ ይህን መድፍ በጋሪ አስጭነው በሰው ጉልበት አስጎተቱት። ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ገደል እየተናደ፣ መንገድ እየተሠራ፣ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆዎች ወርደውና ወጥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ለወራት መድፉ ሠራዊቱን አልጠበቀም፤ ሠራዊቱ ነበር መድፉን የሸከመው። ሚያዝያ 3 ቀን በእሮጌ ውጊያ ሲሆን ያ ሁሉ ላብ የውጊያውን ውጤት አልለወጠም። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ እዚያው መቅደላ ላይ አለ። የንጉሡን ጀግንነትና ለአገራቸው ሥልጣኔ የነበራቸውን ጉጉት አከብራለሁ። ሆኖም በኢሳይያስ ዓይን ስመለከተው፣ ያድናል የተባለ ነገር በደከመ ጀርባ ላይ ተጭኖ ሲሄድ አያለሁ።

እኛም የየራሳችን ትንንሽ ሴባስቶፖሎች አሉን። ለአንዱ መኪና ነው፤ ለሌላው የማያልቅ የአዳራሽ ግንባታ፣ ለሌላው በዱቤ የተገዛ የድምፅ መሣሪያ። ሲጀመር ሁሉም ለአገልግሎት ነው። ቀስ በቀስ ግን ጸሎታችን ስለ እርሱ፣ መባችን ለእርሱ፣ ስብሰባችንም በእርሱ ዙሪያ ይሆናል። ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለው የናስ እባብ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የተሠራና ሕይወት ያተረፈ ነበር። ሕዝቅያስ ግን በ2ኛ ነገሥት 18 እንደምናነበው ሰባበረው፤ ሕዝቡ ያጥንለት ጀምሮ ነበርና። ትናንት እግዚአብሔር የተጠቀመበት ነገር ሁሉ ነገም ይጠገን ዘንድ ግዴታ የለም።

አንዳንድ ወገኖች የሚያነሱት ተቃውሞ ከባድ ነው። «መጋቢ፣ ወላድ በሌሊት ስትጨነቅ ማን ያደርሳታል? አስከሬን ማን ያመጣል?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ይህች መኪና ወላድ አድርሳለች፣ ለቅሶ ወስዳናለች፣ ክርስቲያን ነው ሙስሊም ነው ሳትል ጎረቤት ጭናለች። ስለዚህ ሁሉ ጌታን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በጭንቅ ሌሊት የሚያስፈልገው የሚነሳ መኪና ነው። የማይታመን መኪና ደጅ ላይ ቆሞ ሲታይ ሰው ይተማመንበትና ሌላ ሳይፈልግ ይዘገያል። ከአዳራሹ ገንዘብ ጥቂት ብር ለድንገተኛ ኮንትራት መኪና ተለይቶ ቢቀመጥ ለወላዷ ይሻላታል።

ሌላው ተቃውሞ ዝግ ባለ ድምፅ የሚነገር ነው፤ «አገልጋያችን በእግሩ ሲሄድ ሰው ምን ይላል?» መኪና የበረከት ምልክት ነው የሚል ትምህርት በዘመናችን ብዙ ጆሮ አግኝቷል። ለእነዚህ ወገኖች የሐዋርያት ሥራ 8ን እንዲያነቡ እመክራለሁ። በጋዛ መንገድ ላይ ሠረገላ የነበረው የእኛው አገር ሰው ነው፤ ጃንደረባው። ወንጌሉን የያዘው ፊልጶስ ግን እየሮጠ ነው የደረሰበት። በረከቱ የተሳፈረው በእግር በመጣው ሰው በኩል ነው። ባለ ሠረገላውም ትልቁን ነገር ያገኘው ሠረገላውን አስቁሞ ወደ ውኃው በወረደ ጊዜ ነው።

በቅርቡ በገጠር ያሉ አንዲት እናት መኪናዋ እንደ ቆመች ሰምተው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኛ የምንናፍቀው አንተን ነው። በእግርህም ብትመጣ ቡናው ይጠብቅሃል።» ከየትኛውም የሥነ መለኮት መጽሐፍ የማላገኘው መልስ ሰጡኝ።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። መኪናዋ ባለችበት ሁኔታ፣ ጉድለቷ አንድም ሳይደበቅ፣ ሞተሯ እንደሚወርድ ለገዢው ተነግሮት ትሸጥ። የእኛ ችግር ለሌላ ሰው በተንኮል መተላለፍ የለበትም። ከሽያጩ የሚገኘው በሁለት ይከፈል፤ አንዱ ለወንጌላውያን የትራንስፖርትና የበቅሎ ወጪ፣ ሌላው ለድንገተኛ ሕመምተኞች። ሚኒባስ በሚደርስበት በሚኒባስ፣ ባጃጅ በሚደርስበት በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግርና በበቅሎ እንሄዳለን። ምናልባት በአንድ ቀን ሦስት መንደር መድረሱ ይቀራል። አንድ መንደር ደርሰን ግን እናድራለን፤ ማደር ደግሞ በዚህ አገር ራሱን የቻለ ስብከት ነው። ይህ ለሁሉም አጥቢያ ሕግ ይሁን አልልም። መኪናው የሚሠራለት፣ ወጪውንም የሚችል በደስታ ይጠቀም። ብቻ በየዓመቱ ቦሎ ሲያሳድስ ልቡንም ያስመርምር።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ላላችሁ አንባቢዎችም አንድ ቃል አለኝ። መኪና ላይኖራችሁ ይችላል፤ ግን ጀርባችሁን ያጎበጠ አንድ ነገር አይጠፋም። የሰው አስተያየት፣ የትናንት በደል፣ ይጠብቀኛል ብላችሁ የምትጠብቁት ነገር ይሆናል። ስንት ዓመት ጠገናችሁት? ኢየሱስ ክርስቶስ እንድንሸከመው አልመጣም። የእኛን ኃጢአት በመስቀል ላይ ተሸክሞ፣ ሞቶም ተነስቶ፣ ደካሞችን ወደ ራሱ የሚጠራ እርሱ ነው። ሸክማችሁን በፊቱ አውርዱት፤ እስከ ሽበት ድረስ የሚሸከም ጌታ ነው።

ጌታ ይባርካችሁ።