ውስጡን ለቄስ የሆኑ ቮልሶች

አዲስ አበባን ያለ ቮልስ ማሰብ ይከብዳል። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እኛ አገር ያሉት ግን ብዙዎቹ ከዚያ በጣም የቀደሙ፣ የኔን ዕድሜ ሁለት እጥፍ የጨረሱ ናቸው። እስከ ዛሬ መሄዳቸው ያኮራል። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ወንበሩን አንስተን ሥሩን ያየነው ስንቶቻችን ነን?

የቮልስ እድሳት ሲባል በእኛ ዘንድ ቀለም ማለት ሆኗል። ስቱኮ ይለጠፋል፣ ቀለም ይረጫል፣ ጌጣ ጌጡ ይወለወላል፤ ከዚያ “አዲስ ሆነች!” ይባላል። እንዴ! ምንጣፉ ሲገለጥ አስፋልቱ በቀዳዳ እየታየ አዲስነቱ ምኑ ላይ ነው? ይሄ ውስጡን ለቄስ ይባላል።

ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። የቮልስ ወለል መኪናዋ የቆመችበት መሠረት ነው። መሐል ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ቦይ መሰል አጥንት አለ፤ የግራና የቀኝ ወለሎች እሱ ላይ ተበይደዋል፤ ቦዲው ደግሞ ከላይ ተቀምጦ ዙሪያውን በቡሎን ይታሰራል። የፊት ወንበሮች የሚንሸራተቱበት ሐዲድም የተያዘው እዚሁ ላይ ነው። እንግዲህ ወለሉ ከበሰበሰ ወንበሩን ምን ይይዘዋል? በግጭት ጊዜ ወንበሩ ከነተቀማጩ ቢነቀል ያ የሚያብረቀርቅ ቀለም ምን ያደርጋል?

ዝገቱ የሚመጣው በሁለት በኩል ነው። አንዱ ክረምት ነው፤ የበርና የመስታወት ጎማ ሲያረጅ ውሃ ሰርጎ ምንጣፉ ሥር ይተኛል። ሌላው ባትሪ ነው። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ አሲዱ ሲፈስ ብረቱን ማንም ሳያየው ይበላዋል። ባትሪው ክዳን ከሌለው ደግሞ የወንበሩ ሽቦ ነክቶት እሳት ሊነሳ ይችላል።

ታዲያ አንዳንድ ጋራዦች ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ? ወንበሩ ሳይወጣ ከሥር ላሜራ ይበይዱና ሬንጅ ይቀቡታል። በቃ! ዝገቱ መሐል ታፍኖ ሥራውን ይቀጥላል። አደጋው ግን ከዚያም ይብሳል። የነዳጅ ጋኑ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የቤንዚን ቱቦው የሚያልፈው በዚያው በመሐሉ ቦይ ውስጥ ነው። ከላይ የወንበር ጨርቅ፣ ከጎን ቤንዚን፣ ከሥር የብየዳ እሳት... የቀረውን እናንተው ገምቱ።

“ወንበር ማውጣት ሥራ ማብዛት ነው፤ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?” የሚሉ አሉ። የገንዘቡ ነገር እውነት ነው፤ የሚቀለድበት አይደለም። ነገር ግን ከእድሳቱ ሁሉ ርካሹ ሥራ ይሄው ወንበር ማውጣት ነው። የኋላው መቀመጫ ብድግ ተደርጎ ይነሳል። የፊቶቹ ማቆሚያቸው ሲለቀቅ በሐዲዳቸው ተንሸራተው ይወጣሉ፤ ዝገት ከያዛቸው ዘይት ጠብ አድርጎ ማሳደር እንጂ በመዶሻ መደብደብ አያዋጣም። ከዚያ ባትሪውን ማውጣት፣ ምንጣፉን መግለጥ፣ ወለሉን በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ ማድረግ ነው። ካቻቢቴው ከገባ መልሱ ታወቀ። ሙሉ ወለል ለመለወጥ አቅም ባይፈቅድ እንኳ የበሰበሰውን ቆርጦ አዲሱን ላሜራ ጤነኛ ብረት ላይ መበየድ ይቻላል፤ የአንዱ ጎን ሳያልቅ ግን ሌላው አይቆረጥ፤ መኪናዋ ትጣመማለችና።

ስለዚህ እኔ የምለው ይሄን ነው፤ ዋጋ ከመነጋገር በፊት ወንበሩ ይውጣ፣ ባለቤቱም ቆሞ ይይ። ሳናየው በተስማማንበት ሥራ ነው የምንሸወደው። ሐቀኛ ባለሙያም ይጠቀማል፤ የጠየቀው ገንዘብ ለምን እንደሆነ በጣቱ ያሳያላ!

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከልክሏል። ያሉትን አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት እንነዳቸዋለን ማለት ነው። እንግዲያው ቮልስን የሚወድ ከቀለሙ በፊት ወለሏን ይይላት። ሳይቃጠል በቅጠል!